ሙሽሪትን የያዘው መረብ

የጫሞ ሐይቅ አስፈሪ ነገር አዞ ነው ይላሉ። አይደለም። በሐይቁ ዙሪያ ካሉት ፍጥረታት ሁሉ የሥራ ሰዓቱን የሚያከብረው አዞ ነው። ጠዋት ደለሉ ላይ ወጥቶ ፀሐይ ይሞቃል፣ አፉን ከፍቶ ይተኛል፣ ሙቀቱ ሲበዛበት ወደ ውሃው ይመለሳል። የት እንደሚተኛ አስጎብኚው ያውቃል፣ ሕፃናቱ ያውቃሉ፣ ለጉብኝት የመጣው ሰው ሁሉ ፎቶ አንስቶታል። መረብ ግን የት እንዳለ የጣለው ሰው እንኳ በእርግጠኝነት አይነግራችሁም። ነፋስ ይገፋዋል፣ ጉማሬ ይጎትተዋል፣ ደንገሉ ሥር ገብቶ ይረሳል። አዞ ቢያንስ ጥርሱን ያሳያል። የመረብ ምልክቱ ውሃው ላይ የሚንሳፈፉ ጥቂት የነጠላ ጫማ ቁራጮች ብቻ ናቸው።

ይህን ከመጽሐፍ አላገኘሁትም። ስለ ሐይቅ የተጻፈ ብዙ ነገር አንብቤያለሁ፤ አብዛኛው ጀምበር ስትጠልቅ ውሃው እንደሚቀላ ደጋግሞ የሚነግረን ነው። ስለ መረብ የጻፈ አላጋጠመኝም። ለመጻፍ የሚያምር ነገር አይደለም፣ ይገማል።

ባለፈው ዓመት ሲቀላ፣ ከአርባ ምንጭ የታችኛው ከተማ፣ መነኸሪያው አጠገብ ባጃጅ ያዝኩ። የኋላውን ወንበር ግማሹን አንድ በማዳበሪያ ከረጢት የታጨቀ እርጥብ መረብ ይዞታል።

«ይሄኛው ተሳፋሪ የት ነው የሚወርደው?» አልኩት ሾፌሩን።

«የአጎቴ ነው። ጠጋ በይ እናት፣ አይነክስም።»

ተጠጋሁ። የሞቀ ናይሎን፣ የደረቀ የዓሣ ቅርፊት፣ የረጋ አረንጓዴ ውሃ ሽታ። የምወርድበትን አልፌ ስሄድ እንኳ አላስተዋልኩም። አራተኛ ክፍል ሆኜ፣ ከጥምቀት እስከ ፋሲካ፣ ልብሴም ጸጉሬም የደብተሬ ሽፋንም እንዲህ ይሸት ነበር።

አባቴ፣ መምህር ታደለ፣ የጣና ዳር ልጅ ነው። አርባ ምንጭ የመጣው የእጅ ሥራ መምህር ሆኖ ተመድቦ ነው፤ እኔ የተወለድኩት እዚያው ነው። ጣና ዳር ያደገ ሰው ሌላውን ሐይቅ ሁሉ የጣና ታናሽ ወንድም አድርጎ ያያል። ቤታችን ሸቻ ነበር፣ ከላይኛው ከተማ። ከበረንዳችን ሁለቱም ሐይቆች ቁልቁል ይታያሉ፤ አባያ ቡናማ፣ ጫሞ ሰማያዊ። አባቴ ከሥራ ሲመለስ ወንበሩን ወደ ጫሞ አዙሮ ይቀመጥና፣ «ይህን የሚያህል ነፋስ በከንቱ ይነፍሳል» ይል ነበር። ነፋስ ባከነ ብሎ የሚበሳጭ ሰው ከእሱ ሌላ አላየሁም።

ስለዚህ ጀልባ ሠራ። ከገና በፊት ጀምሮ ለጥምቀት አደረሳት። ከማንጎው ሥር፣ የዋንዛ ሳንቃ እየላገ፣ በየስንጥቁ ሬንጅ እየቀባ። ጎረቤት ሁሉ እየመጣ ያይ ነበር፤ ሐይቅ ከታች ሆኖ ጀልባ ከተራራ ላይ የሚሠራ ሰው የሚታይ ነገር ነውና። እናቴ የሬንጁን ሽታ ከመጋረጃው ማስለቀቅ አቃታት። «ለኖኅ እንኳ እግዜር ነው ያዘዘው» አለችው አንድ ቀን፤ «አንተን ማን አዘዘህ?»

ለሸራው የሚሆን ጨርቅ ከሱቅ ሊገዛ ይችል ነበር። አባቴ ግን ጠንካራ የጥጥ ሽመና ካልሆነ አለና ሲቀላ ገበያ አንድ የዶርዜ ሸማኔ ዘንድ ይዞኝ ሄደ። ሸማኔው ቁመቱንና ስፋቱን ሰምቶ መወርወሪያውን አስቀመጠ።

«ይሄን ማነው የሚለብሰው?»

«ጀልባ» አለ አባቴ።

«ይበርዳታል?»

«ለነፋስ ነው። ነፋስ እንዲይዝ ነው። ጥለት አያስፈልገውም።»

«ጥለት የሌለው ጨርቅ ከእጄ አይወጣም።»

«ነፋሱ ጥለት አያይም እኮ።»

«እኔ አያለሁ» አለ ሸማኔው፣ ወደ ሥራውም ተመለሰ። ሸራው ሲደርስ ዳር ዳሩን ቀይ፣ ቢጫና ጥቁር ጥለት ነበረው። በጫሞ ላይ ነጠላ ለብሳ የወጣች ጀልባ የኛ ብቻ ነበረች። በጋሪ ተጭና በኩልፎ ወንዝ ዳር የሙዝ እርሻዎች መካከል ስትወርድ ሙዝ የሚቆርጡት ሰዎች ሥራ አቁመው እልል አሉላት። ዓሣ አጥማጆቹ ገና የመጀመሪያ ቀን ስሟን አወጡላት፦ ሙሽሪት። አባቴ ሌላ ስም አስቦላት ነበር፤ ምን እንደነበር ዛሬ የሚያስታውስ የለም።

ስለ ሙሽሪት አንድ ነገር ማስረዳት አለብኝ፤ ጣጣው ሁሉ ከእሱ ነውና። የአካባቢው ጀልባ ሆዱ ዝርግ ነው፣ መረብ ላይ እንደ ቅጠል ያልፋል። ሸራ ያላት ጀልባ ግን ሆዷ ዝርግ ከሆነ ነፋሱ ወደ ጎን ይወስዳታል። ስለዚህ አባቴ ከመካከሏ ላይ ሳጥን ሠርቶ፣ በሳጥኑ ውስጥ ረጅም ሳንቃ ቁልቁል ወደ ውሃው ሰደደ። ሳንቃው እንዳይንሳፈፍ ከታቹ ብረት አሰረበት፤ ወድቆ እንዳይቀር ደግሞ ከላይ ጫፉ ላይ መስቀለኛ እንጨት መታበት። ከኋላዋ ያለውን መሪ በሁለት የበር ማጠፊያ አንጠለጠለው። ሥራው ጥሩ ነበር። በጣና ላይ ምናልባት እንደ ልቧ ትሄድ ነበር። ጫሞ ግን ከዳር እስከ ዳር መረብ የተጣለበት ሐይቅ ነው፣ ሙሽሪትም የሄደችበትን ሁሉ በሳንቃዋ እየለቀመች የምትሄድ ሆነች።

እኔ ያኔ ስለ መረብ የማውቀው ነገር አልነበረም። የማየው በተርታ ውሃው ላይ የሚንሳፈፉትን የነጠላ ጫማ ቁራጮች ነው፤ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ አንዳንዱ የጣት ቅርጽ ገና ያልጠፋበት። አጥማጆቹ ያረጀ ጫማ ቆርጠው መረቡ እንዳይሰምጥ ከላይኛው ገመድ ላይ ያስሩታል። ይህን የነገረኝ ሰው አልነበረም። ሁሉም ሰው አዞን ተጠንቀቂ ነው የሚለኝ። እኔም ሁለቱን አገናኘሁት፦ አዞ የበላቸው ሰዎች ጫማ ነው ብዬ። ጫማው በብዛት ግራ ብቻ ወይም ቀኝ ብቻ መሆኑ ደግሞ ሐሳቤን አጠናከረልኝ። ለምን በመስመር እንደተሰለፈም አሰብኩና፣ ዘመድ እንዲለየው ይሆናል አልኩ። በልቤ እየቆጠርኩ ለእያንዳንዱ ነፍስ ይማር እል ነበር።

በጥር ወር አንድ ቅዳሜ አባቴ ብቻውን ወጥቶ መረብ ውስጥ ገባ። ሞከረ፣ አልፈታ አለው፣ ሴንጢውን አውጥቶ ቆረጠውና መጣ። ማታ እራት ላይ እንደ ቀላል ነገር ነገረን።

በማግስቱ ከሰዓት ጋሽ አንጁሎ የቆረጠውን መረብ በትከሻው ተሸክሞ፣ ከሐይቁ እስከ ሸቻ ዳገቱን ወጥቶ፣ በረንዳችን ላይ ዘረጋው። ጋሽ አንጁሎ አጥማጅ ነው፤ በፕሮቴስታንት ቤተ ክርስቲያናቸው ደግሞ የመዘምራን መሪ። በለሆሳስ መናገር የማይችል ድምፅ ነበረው። እናቴ ግባ ብትለው አልገባም፤ አባቴ ቁጭ በል ቢለው አልተቀመጠም።

«መምህር፣ ይሄ ምንድነው?»

«ተጠላልፎብኝ ነው፣ ወንድሜ። ሌላ መንገድ አልነበረም።»

«ልጅህ ጸጉሯ ሲጠላለፍ አንገቷን ነው የምትቆርጠው?»

እኔ ከበሩ ኋላ ሆኜ ጸጉሬን ያዝኩ።

ነገሩ በሽማግሌ እንዲያልቅ ተባለ። በሚቀጥለው ሳምንት ከሐይቁ ዳር፣ ከአንድ ትልቅ ሾላ ሥር፣ ሰዎች ተሰበሰቡ። ከጋሞ ሽማግሌዎቹ አንዱ እርጥብ ሳር በእጁ ይዞ መጣ። በጋሞ ሰው ዘንድ ሽማግሌ እርጥብ ሳር ከያዘ ጠብ ይቆማል፤ የተቆጣ ሰው ሳሩን እያየ እጁን አያነሳም። ይህንንም የነገረኝ ሰው አልነበረም። ሳሩን እንዳየሁ አባቴን ሊያበሉት ነው ብዬ ወሰንኩ። በሬ የሰው ማሳ ሲገባ በሳር ነው የሚታለለው፤ አባቴ ደግሞ የሰው መረብ ውስጥ ገብቷል። እስኪጎርስ ድረስ ዓይኔን ሳልነቅል ጠበቅኩ።

ሽማግሌዎቹ የጠየቁት ትንሽ ነገር ነው። አባቴ አጠፋሁ እንዲል፣ መረቡ ሲጠገን ቁጭ ብሎ እንዲያግዝ። ይህ ብቻ። ግን አባቴ መናገር ከጀመረ ማቆም የሚሆንለት ሰው አልነበረም። ተነሣ፣ ነጠላውን አስተካከለ፣ በአገሩ በሠርግና በለቅሶ እንደሚነገረው አድርጎ ተናገረ። ንግግሩን የዘጋው፣ «ከዛሬ ጀምሮ በሰው መረብ ላይ ስለት ባነሣ፣ ያነሣሁበት እጅ አይርዳኝ!» ብሎ ነው። ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። ይህን ያህል አልጠየቁም።

ጋሽ አንጁሎ ደግሞ በንግግር መበለጥ የሚወድ ሰው አይደለም። እሱም ተነሣ። «እኔም ለመምህር እሑድን ሰጥቻለሁ!» አለ ሾላው እስኪያስተጋባ። «እሑድ የጌታ ቀን ነው፤ ቅዳሜ ማታ መረብ አንጥልም። እሑድ ውሃው ባዶ ነው፣ ሙሽሪት እንደፈለገች ትሂድ!» ይህንንም የጠየቀው ሰው አልነበረም። ሁሉም አጨበጨበ፣ ጸሎት ተደረገ፣ ሳሩን ማንም አልበላም። እኔ በተለይ በዚህ ቅር ብሎኝ ነበር።

እዚህ ላይ አንባቢ ያልተማረው አጥማጅ የተማረውን መምህር በጥበብ የሚያሸንፍበትን ታሪክ እየጠበቀ ከሆነ ያፍራል። ሁለቱም ከአፋቸው ትልቅ ነገር አውጥተው መልሰው መዋጥ የማይችሉ ሰዎች ነበሩ። በዚህ እኩያ ነበሩ።

ከዚያ በኋላ በየእሑዱ፣ ከቅዳሴ ወጥተን እህል ከቀመስን በኋላ፣ አባቴና እኔ እንወርዳለን። ውሃው እንደተባለው ባዶ ነበር። አባቴ ሸራውን ሲስብ ሙሽሪት ዘንበል ትልና ትነሣለች፣ ጥለቱ ከጭንቅላቴ በላይ ይርገበገባል፣ እርጥብ ጥጥ ፊቴን ይመታኛል። የኔ ሥራ በጆግ ከወለሉ ላይ ውሃ መቅዳት ነበር፤ የሬንጁ ሥራ ከንግግሩ ያነሰ ነበርና ሁልጊዜ ትንሽ ውሃ ይገባል። እነዚያ እሑዶች ደስ የሚሉ ነበሩ። ይህን አልክድም።

ከዚያ ሁዳዴ ገባ።

አባቴ ጥብቅ ጾመኛ ነው። ዓሣ ይጾማል አይጾምም የሚለውን ክርክር ከእናቴ ጋር ሳይቀር በየዓመቱ ይከራከር ነበር፤ እሱ ይጾማል ከሚሉት ወገን ነው፣ ከንፈሩን አያስነካም። ከተማው ግን ከእሱ ጋር አልተስማማም። በሁዳዴ ሥጋ ያጣው ሁሉ ዓሣ ይፈልጋል፤ ከሌላ ከተማ ሳይቀር መኪና በረዶ ጭኖ ይመጣል። በዓመት ውስጥ ጫሞ ላይ መረብ የሚበዛበት ወቅት የኛ ጾም ነው። የማይጾሙት አጥማጆች ይህን ልቅም አድርገው ያውቃሉ። አባቴ ዓሣ ስለማይበላ ሌላው ይበላል ብሎ አላሰበም። ጾመኛ በመሆኑ የመጣበት አደጋ ነው ማለት ይቻላል፤ የንስሐ አባቱ ፊት ግን እንዲህ ብዬ አልተናገርኩም።

ጋሽ አንጁሎም በሁዳዴ አንድ ቅዳሜ ማታ፣ ሰው እንዳያየው ብሎ፣ ከዳር ርቆ መረቡን ጣለ። እሑድ ከአምልኮ በኋላ በፍጥነት ሊያወጣው።

በዚያ እሑድ ውሃው መካከል ስንደርስ ሙሽሪት ቆመች። ሳታዘግም፣ ሳትንገራገጭ፣ ልጓም እንደተያዘ በቅሎ ቀጥ አለች። እኔ ወደፊት ተወርውሬ ክርኔን መታሁ። አባቴ ሸራውን ፈጥኖ አወረደና ወደ ውሃው ጎንበስ አለ። ሰማያዊና አረንጓዴ የጫማ ቁራጮች በሁለታችንም በኩል ወደ እኛ ተጎትተው ተሰብስበው ነበር።

«እሑድ ነው እኮ» አለ አባቴ። ለውሃው ነው የተናገረው።

መረቡ ሳንቃውን ጠምጥሞ፣ ከዚያ መሪውን ይዞ፣ በመካከላቸው ተወጥሯል። አባቴ በመቅዘፊያው ጫፍ ወደ ታች ሊገፋው ሞከረ። መቅዘፊያውም ተያዘ። ሳንቃውን ወደ ላይ ሊስብ ሞከረ፤ ሳጥኑ ውስጥ ጥቂት ከፍ ብሎ መረቡን ይዞ ተቀረቀረ፣ ወደ ታች ሲመልሰው ደግሞ ይባስ ጠበቀ። ወደ አንዱ ጎን ሄደን ጀልባዋን ልናዘነብላት ሞከርን። ጣና ላይ ቢሆን ልብሱን አውልቆ ይወርድና ከሥር ሆኖ ይፈታው ነበር፤ ዋናተኛ ነው። ጫሞ ላይ ግን በዓሣ የተሞላ መረብ ሥር ገብቶ እጁን ማወራጨት የሚያስብ ሰው የለም። ርቆ አንድ አዞ ራሱን ብቅ ሲያደርግ አየነው። እሱ ግን አላየንም፣ ወይም አይቶን አልጠቀምነውም።

ያን ጊዜ ከእግሬ ሥር ተንኳኳ።

ጥፍ፣ ጥፍ፣ ጥፍ። ከወለሉ ሥር፣ ከውሃው ውስጥ። ቆም ይልና እንደገና ያንኳኳል። የጫማዎቹ ባለቤቶች መጡ አልኩ። ጫማቸውን ሊጠይቁ። እግሬን ወደ ላይ ሰብስቤ መጮህ ጀመርኩ።

«ዓሣ ነው፣ ሰኒ! ቆሮሶ ነው፤ መረቡ ውስጥ ገብቶ ሳንቃውን እየመታ ነው። ስሚኝ! ዓሣ ነው!»

ድምፁ ያስፈራኝ ከማንኳኳቱ በላይ ነበር። አባቴ እንዲህ ሲጮህ ሰምቼ አላውቅም። ቀና ስል ለምን እንደሆነ አየሁ፦ የከሰዓት በኋላው ነፋስ ተነሥቶ ነበር። ሐይቁ ከወዲያ ማዶ ጠቁሮ እየመጣ ነው። ልቅ የሆነች ጀልባ ማዕበል ሲመጣ ከፍ ዝቅ እያለች ታሳልፋለች። ከሆዷ የታሰረች ጀልባ ግን ከፍ ማለት አትችልም፣ ማዕበሉ በላይዋ ይገባል። የመጀመሪያው ገባ። ጭኔ ድረስ ረጠብኩ።

«ቅጂ!» አለኝ። ቀዳሁ። ሌላው ገባ።

አባቴ ሴንጢውን ከኪሱ አወጣ። ከፈተው። ስለቱን አየሁት። በጉልበቱ ተንበርክኮ ወደ ገመዱ ጎንበስ አለ፣ በግራ እጁ ገመዱን ያዘ። እንደዚያው ሆኖ ቆየ። ከዚያ ሴንጢውን አጥፎ ወደ ኪሱ መለሰው።

«አባባ፣ ቁረጠው!»

«ዝም ብለሽ ቅጂ።»

«አባባ፣ ኪስህ ውስጥ ነው!»

«የት እንዳለ አውቃለሁ። ቃል ሰጥቻለሁ።»

«ጋሽ አንጁሎም ቃል ሰጥተው ነበር። እሑድ አንጥልም ብለው።»

ይህን ስል አየኝ። መልስ እየፈለገ እንደነበር ዛሬ ይገባኛል፤ ያኔ የተቆጣ ነበር የመሰለኝ። «የሳቸው የሳቸው ነው» አለ በመጨረሻ፤ «የኔ የኔ ነው።» እኔ ዋና አልችልም ነበር። ይህ ከሁለቱም ቃል ውስጥ አልተጠቀሰም።

ከዚያ ለመልህቅ የያዝነውን ድንጋይ አነሣና ሳንቃውን ከላይ የያዘውን መስቀለኛ እንጨት መምታት ጀመረ። ያን እንጨት ሲመታው፣ ሲያለሰልሰው፣ ዘይት ሲቀባው ከማንጎው ሥር ቁጭ ብዬ አይቼዋለሁ። ማዕበል ይገባል፣ እቀዳለሁ፣ እሱ ይመታል። እንጨቱ ተሰነጠቀ፣ ተፈናጠረ። ሳንቃውን በሁለት እጁ ወደ ታች ገፋው፤ ብረቱ ጎተተውና በሳጥኑ ውስጥ ቁልቁል ወርዶ ከመረቡ ጋር ጠፋ። ተንከባሎ ወደ ኋላ ሄደና መሪውን ከማጠፊያዎቹ አላቀቀ። እሱንም ለቀቀው።

ሙሽሪት ተነሣች። ቀጣዩ ማዕበል ከሥራችን አለፈ። ነገር ግን ሳንቃም መሪም የሌላት፣ ውሃ ግማሽ የሞላት ሳጥን ነበረች። ነፋሱ ጎን ለጎን እያሽከረከረ ወሰደን። አባቴ መሪ ቀርቶ መቅዘፊያም አልነበረውም፤ እሱም መረቡ ውስጥ ቀርቷል። በባዶ እጁ ውሃ እያፈሰ፣ እኔ በጆጉ እየቀዳሁ፣ ከወዲያኛው ዳር ደንገል ውስጥ ተሰክተን ቆምን። የት እንደምንወጣ የመረጠው ነፋሱ ነው። ድንጋያማውን ዳር መርጦ ቢሆን ኖሮ ይህን የሚጽፍ ሰው አይኖርም ነበር።

ደንገሉ ውስጥ ብዙ ቆየን። ቅርብ ሆኖ ጉማሬ ያጉረመርም ነበር። እጄ ከጆጉ እጀታ የተነሣ ውሃ ቋጥሯል፤ ያንን አፈርጠው ነበር።

ጋሽ አንጁሎ ሲደርስ ሙሉ ልብስ ከነክራቫቱ ለብሶ ነበር። ከአምልኮ ቀጥታ ሮጦ መረቡን ሊያወጣ ሲሄድ ሳንቃችንን ውስጡ አግኝቶታል።

«መምህር! በሕይወት አለህ?»

«አለን።»

ጀልባውን አስጠጋ። ሳንቃችን ከነብረቱ፣ መሪያችንና መቅዘፊያችን ከዓሣው ጋር ከፊቱ ተጋድመዋል። «መረቤን አየሁት» አለ፤ «አንድ ክር አልተቆረጠም።»

«ቃል ቃል ነው፣ ወንድም አንጁሎ።» አባቴ ከደንገሉ ውስጥ፣ እስከ ወገቡ ርሶ፣ ደረቱን ነፋ አደረገ።

ጋሽ አንጁሎ ያን ጊዜ ነው ያየኝ። ጀልባዋ ወለል ላይ ጆጉን ታቅፌ ተቀምጬ ነበር።

«ልጅቷ አለች?»

«ምን?»

«ልጅቷን ይዘህ ነው? ልጅቷን ይዘህ ነው ቃል ቃል የምትለኝ?»

«አንተም እኮ እሑድ...»

«የኔን ኃጢአት ተወው! እሱን ከፓስተሩ ጋር እጨርሳለሁ፣ በጉባኤ ፊት እቆማለሁ! አንተ ግን ለናይሎን? አዞ ይቀደዋል፣ ጉማሬ ይቀደዋል፣ እኔ ራሴ ሲያናድደኝ እቀደዋለሁ!»

«አንተ ነህ ለሽማግሌ የሰጠኸኝ!»

«ያኔ ብቻህን ነበርክ!»

ያ ድምፅ ሐይቁን ተሻግሮ የሄደ ይመስለኛል። ጋሽ አንጁሎ ኮቱን አውልቆ አለበሰኝ፣ አንሥቶም ወደሱ ጀልባ አሻገረኝ። ኮቱ ኪስ ውስጥ ትንሽ የመዝሙር መጽሐፍ ነበረች፤ እኔ አረጠብኳት።

እቤት ስንደርስ እናቴ ሁሉንም ሰማች። አልጮኸችም። አባቴን፣ «ሰናይት ዋና ትችላለች እንዴ?» አለችው። «አትችልም» አለ። ከዚያ በኋላ ሸራውን ከምሰሶው ፈትታ፣ አጥባ፣ የአልጋ ልብስ አደረገችው። ሙሽሪት ዳግመኛ ውሃ አልነካችም።

ታሪኩ ግን ያን ሳምንት ከተማውን ዞረ። ሰኞ ወይም ማክሰኞ፣ ሰንደቅ ዓላማ ሲሰቀል፣ ርዕሰ መምህሩ ስለ ቃል ማክበር ነገሩን። «መምህራችን ብቻቸውን፣ በማዕበል መካከል፣ ስለት በኪሳቸው እያለ የሰው ንብረት አንቆርጥም ብለው የገዛ ጀልባቸውን አፈረሱ» አለ። ተማሪው አጨበጨበ። እኔ ሰልፉ ውስጥ እጄን አየሁ። የፈረጠው ቦታ እየዳነ ነበር። ርዕሰ መምህር አይሳሳትም፤ ብቻቸውን ካለ ብቻቸውን ነው። ከኋላዬ የቆመችው ልጅ በክርኗ ጎሸም አድርጋ፣ «አንቺ አብረሽው አልነበርሽም እንዴ?» ብላ ሹክ አለችኝ።

«አልነበርኩም» አልኳት። እውነት እየተናገርኩ መሰለኝ።

በፋሲካ እንግዶች መጡ። ዶሮው ከተበላ በኋላ አንዱ፣ «እስቲ የጀልባዋን ነገር ከአንደበትህ እንስማው» አለው አባቴን። አባቴ ተነሣ፣ ነጠላውን አስተካከለ። ነፋሱን ነገራቸው፣ ሴንጢውን ነገራቸው፣ ድንጋዩን ነገራቸው። ጥሩ አድርጎ ነው የነገራቸው። «ብቻዬን ነኝ እንግዲህ» አለ መካከል ላይ። እኔ እጅ ማስታጠቢያውን ይዤ ከፊቱ ቆሜ ነበር። አየኝና ቀጠለ። የዋሸ አይመስለኝም። እኔ ጀልባዋ ውስጥ ካለሁ ታሪኩ አይሄድለትም፤ እሱ ደግሞ ታሪኩ እንዲሄድለት ይፈልግ ነበር፣ ምናልባትም ከምንም በላይ እኔ እንዳልነበርኩ ማሰብ ይፈልግ ነበር። ክፉ አባት አልነበረም። ከዚያ ዕለት በኋላ ለረጅም ጊዜ መንገድ ስንሻገር እጄን እስኪያመኝ ድረስ ጨብጦ ይይዝ ነበር።

ባለፈው ዓመት ባጃጁ ካወረደኝ በኋላ ከጎብኚዎች ጋር በሞተር ጀልባ ሐይቁን ዞርኩ። አስጎብኚው ወጣት ነው፣ ቀልደኛ፣ የማን ልጅ እንደሆንኩ አያውቅም። አዞዎቹን ካሳየን በኋላ ስለ አንድ መምህር ነገረን። በታሪኩ ውስጥ ጥለት ያለው ሸራ አለ፣ ነፋስ አለ፣ ያልተቆረጠ መረብ አለ። ጎብኚዎቹ ተነክተው ነበር፤ አንዷ ሴትዮ ዓይኗን ጠረገች። በተረካት ጀልባ ላይ ልጅ አልነበረም።

አርባ ምንጭ ከሄዳችሁ እናንተም ትሰሙታላችሁ፣ ያምራልና ለሌላ ሰው ትነግሩታላችሁ። ንገሩት። ግን ስትነግሩት ልጅቷን ጀልባዋ ውስጥ አስቀምጧት፤ ዋና አትችልም በሉ፣ ቁረጠው እያለች ነበር በሉ። ከዚያ በኋላ አፋችሁ እሺ ካለ አድንቁት።